የዶናል እንግሊዝኛ

ጋሽ ኣሕፈሮም ብስክሌተኞች ተከትለው አይርላንድ ድረስ እንዲሄዱ ሲጠየቁ፣ ከእሳቸው ቀድመው እሺ ያሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ኣብሪሃት ናቸው።

«ስምንት ቀን ነው ያልከው፣ ጊዲዮን? ውሰደው። እኔም እስቲ ቴሌቪዥኔን አጠገቤ ማንም ሳይቆጣ ልየው» አሉ።

ጊዲዮን የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሃርልስደን ባለው የአማርኛ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የወንዶች ኅብረት ሰብሳቢም ነው። በዚያ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ዘጠኝ ሆነው፣ የአይርላንድን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዘው ከመንደር መንደር በብስክሌት ሊሄዱ ተነሥተው ነበር። የሚሰበሰበው እርዳታ የሚውለው የማይድን ሕመም ያለባቸው ሰዎች የመጨረሻ ሳምንቶቻቸውን ለሚያሳልፉበት ማረፊያ ነው፤ የአንዷ ተጓዥ እናት እዚያ ነው በክብር ያረፉት። ዘጠኙም ብስክሌት ነበራቸው፤ ብስክሌት የሚያውቅ ግን አንድም አልነበራቸውም። ስለዚህ ጊዲዮን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኬንቲሽ ታውን መጥቶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ የጋሽ ኣሕፈሮምን በር አንኳኳ።

«እርስዎ ቫኑን እየነዱ ከኋላ ይከተሉናል። የተበላሸውን ይጠግኑልናል። ሌላ ምንም የለም፣ ጋሼ።»

«እኔ የእናንተን መዝሙር አላውቅም።»

«መዝሙሩን እኛ እንዘምራለን። እርስዎ ጎማውን ይንፉልን።»

ጋሽ ኣሕፈሮም ሳቁ እንጂ እሺ አላሉም። ጉልበታቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ዝናብም አይወዱም። ጊዲዮን ግን ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና መንገዱን በጣቱ እየተከተለ የመንደሮቹን ስም አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። አራተኛው ቀን ላይ ሲደርስ «ካሪግዱን» አለ።

«ማን አልክ?»

«ካሪግዱን። ትንሽ ነገር ናት፣ እዚያ አናድርም፤ አልፈናት ነው የምንሄደው።»

ጋሽ ኣሕፈሮም መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ካርታው ላይ ጎንበስ ብለው ስሟን ራሳቸው አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «መቼ ነው የምንነሣው?» አሉ።

ወይዘሮ ኣብሪሃት ነገሩ ገብቷቸዋል።

*

ጋሽ ኣሕፈሮም አሥመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው ያደጉ ሰው ናቸው። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው የክለብ ብስክሌተኛ ነበሩ፤ ከአሥመራ ወደ ምጽዋ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ከነጠምዛዛው በቃላቸው ያውቁት ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ አንድ ብስክሌት መጠገኛ ውስጥ ሠሩ። ጊዜው ሲከፋ በሱዳን በኩል ወጡና የዛሬ አርባ ዓመት ለንደን ገቡ። ያኔ የሚያውቁት እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት የቀራቸው ጥቂት ቃል ነበር፤ እሱንም ሰው ፊት ለመናገር ያፍሩ ነበር።

አንድ ቀን ኬንቲሽ ታውን ከባቡሩ ድልድይ ሥር ዝናብ ተጠልለው ሳለ፣ ከቅስቱ ሥር ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ቀይ ፊት ሰውዬ የተጣመመ የብስክሌት ጎማ ለማቃናት ሲታገል ያያሉ። አንዱን ሽቦ ሲያጠብቅ ሌላው ይላላበታል። ጋሽ ኣሕፈሮም ቆመው አዩ፤ አላስችል ሲላቸው ገቡ፤ ጎማውን ተቀብለው ጉልበታቸው መሃል አደረጉና በአንድ ሩብ ሰዓት አቃኑት። ሰውዬው ጎማውን አሽከረከረው፤ ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሽርጥ አንሥቶ ሰጣቸው። ስማቸውን እንኳ አልጠየቀም።

ይህ ሰው ዶናል ነበር። ኬሪ ከምትባል የአይርላንድ አውራጃ፣ ካሪግዱን ከምትባል የባሕር ዳር መንደር በአሥራ ስምንት ዓመቱ የወጣ ሰው ነው። ሃያ አራት ዓመት አብረው ሠሩ። ጋሽ ኣሕፈሮም እንግሊዝኛን የተማሩት ከዶናል አፍ ነው፤ ካቻቢቴና ፒንሳ እየተቀባበሉ፣ ኩሽኔታ በቅባት እያጠቡ። ዶናል ስሙ የጠፋውን ዕቃ ሁሉ «ዮክ» ነበር የሚለው። «ያንን ዮክ አቀብለኝ»፣ «ይሄ ዮክ ዝጓል»። ጋሽ ኣሕፈሮም ዮክ ማለት የብሎን መፍቻ መስሏቸው አንድ ቀን ዕቃ መሸጫ ሄደው አሥራ ሦስት ቁጥር ዮክ ቢጠይቁ፣ በእንግሊዝኛ አስኳልም «ዮክ» ነውና ሻጩ የእንቁላል አስኳል የፈለጉ መስሎት ወደ ጎረቤት ሱቅ ላካቸው።

አወራራቸውም የዶናል ሆነ። ቃሉን እንደ ዘፈን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፤ አረፍተ ነገሩን ለንደን ውስጥ ማንም በማይጀምርበት በኩል ይጀምሩታል። ሆስፒታል ሲሄዱ፣ ካውንስል ሲሄዱ፣ ጸሐፊዎቹ ቀና ብለው ያዩአቸዋል፤ ፊታቸውና ድምፃቸው አልገጥም ይላቸዋል። አማርኛቸውም ቢሆን በወጡበት ዘመን የቆመ ነው። እስከ ዛሬ ክልል አይሉም፤ ክፍለ ሀገር ነው የሚሉት።

ዶናል ምሳ ሰዓት ላይ ሳንድዊቹን እየገመጠ ስለ መንደሩ ያወራል። ስለ ባሕሩ ግንብ፣ ስለ ውሃ ፓምፑ፣ ስለ ነጩ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ አሥራ አራቱ ቤቶች። በየፀደዩ «በዚህ በጋ እሄዳለሁ» ይላል። አንድም በጋ አልሄደም። ጋሽ ኣሕፈሮም ለምን ብለው ጠይቀውት አያውቁም፤ እሳቸውም ያልተመለሱበት አገር ነበራቸውና ጥያቄው ከባድ መሆኑን ያውቁታል። ዶናል ሲሞት አጠገቡ የነበሩት እሳቸውና ኣብሪሃት ናቸው። የቀበሩትም፣ ድንጋዩንም ያቆሙለት እነሱ ናቸው። ሱቁን ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ብቻቸውን ያዙትና ጡረታ ወጡ።

*

አይርላንድ ከደረሱ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነፋስ በነፋስ ነበሩ። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ብስክሌተኞቹን በጎን እየገፋ ወደ አጥሩ ይወስዳቸዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ተደርድሯል፤ አንዳንዴ በጎች መሃል መንገድ ላይ ተኝተው አንነሣም ይላሉ። በየመንደሩ ሰዎች ይወጣሉ። አንድ ቦታ የትምህርት ቤት ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው አጨበጨቡላቸው። ሌላ ቦታ ሴቶች የመንደሩን አዳራሽ ከፍተው ሻይና ዳቦ አቀረቡላቸው።

ጋሽ ኣሕፈሮም ከኋላ፣ የቫኑን መብራት እያብለጨለጩ ቀስ ብለው ይከተላሉ። ከፊታቸው የሚያዩት ሁልጊዜ የዓይናዲስን ጀርባ ነው። ዓይናዲስ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ነርስ ናት፤ ማረፊያው ውስጥ ያረፉት እናት የእሷ ናቸው። ብስክሌቷን የገዛችው በመጋቢት ነው።

«ዓይናዲስ፣ ማርሹን ቀይሪው!» ይሏታል መስኮቱን ዝቅ አድርገው።

«የትኛው ነው ማርሹ?»

«በቀኝ እጅሽ ያለው!»

«እሱንማ ስነካው ባሰበት፣ ጋሼ!»

እንዲህ ሲሏት የራሳቸው አሠልጣኝ ይታወሷቸዋል። ከከረን በሚመለሰው ዳገት ላይ፣ ከኋላቸው በአሮጌ ፊያት እየተከተለ፣ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ በጣሊያንኛ የሚሳደብ ሰው ነበር። ያኔ ይጠሉት ነበር። አሁን የቫኑን መሪ ይዘው በዝናብ ውስጥ የሰው ጀርባ ሲያዩ፣ ሰውየው የሚሳደበው ከጭንቀት እንደነበረ ገባቸው። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ አዘኑለት።

ከተጓዦቹ ትንሿ ሃይሚ ናት፤ ለንደን ተወልዳ ያደገች። ሻይ ሲጠጡ አጠገባቸው ተቀምጣ «ጋሼ፣ ሲሪየስሊ፣ አክሰንትዎ ከየት ነው? እዚህ ያሉት ሰዎች ሁሉ እንደ እርስዎ ነው የሚያወሩት!» አለቻቸው።

«ገና ኬሪ ክፍለ ሀገር መች ደረስሽና» አሉ ጋሽ ኣሕፈሮም።

በአራተኛው ቀን ዝናቡ ቆመ። ጋሽ ኣሕፈሮም ሌሊቱን በደንብ አልተኙም ነበር፤ ቁርስም አልበሉም። ወደ እኩለ ቀን ገደማ ከአንድ ኮረብታ አናት ላይ ሲደርሱ ካሪግዱን ከታች ታየች። ቫኑን አቁመው አዩአት። ቤቶቹ አሥራ አራት አይደሉም፣ ከሠላሳ ይበልጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ነጭ አይደለም። ውሃ ፓምፑ ግን አለ፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ አበባ ተተክሎበታል። የባሕሩ ግንብም አለ። ሃያ አራት ዓመት በምሳ ሰዓት የሰሙት ነገር ድንጋይ ሆኖ ቆሞ አዩት።

ሌሎቹ መንደሩን አልፈው ሄደዋል። ዓይናዲስ ግን ግንቡ አጠገብ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች፤ ቫኑን ነድተው ወደ እሷ ወረዱ። እንጨት ገብቶበት የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ተሰብሯል።

«አለቀ፣ ቫኑ ላይ ልውጣ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አንድም ቀን ሳላቋርጥ ለእማዬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር።»

«ማን ቫን ላይ ውጪ አለሽ? ካቴናውን አሳጥሬ በአንድ ማርሽ ትነጂዋለሽ። እኛ ስንጀምር ማርሽ የሚባል ነገር መች ነበረ?»

ካቴናውን ፈቱ። ሊገጥሙት ሲሉ ሁለቱን ጫፎች የምትይዘው ትንሿ ችንካር ከጣታቸው ሾልካ በግንቡ ስንጥቅ ውስጥ ወደቀች። ጋሽ ኣሕፈሮም በራሳቸው ተናደዱና፣ ለንደን ውስጥ በሚገፏቸው የመኪና ነጂዎች ላይ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት «ኦማዳን!» ብለው ጮኹ።

ጥቂት ራቅ ብሎ አግዳሚ ላይ፣ ከአሮጌ ውሻ ጋር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዞር አሉ።

«ማንን ነው?»

«ይቅርታዎን፣ ራሴን ነው።»

«አይሪሽ ማን አስተማረህ?»

«አይሪሽ አልችልም። እንግሊዝኛ ነው የተናገርኩት።»

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ኦማዳን እንግሊዝኛ አይደለም፣ ልጄ። የእኛ ቋንቋ ነው። ቂል ማለት ነው።»

ጋሽ ኣሕፈሮም አርባ ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ብለው የተሳደቡበት ቃል አይሪሽ መሆኑን ሲሰሙ እሳቸውም ሳቁ። «ለካ ለዚህ ነው ለንደን ውስጥ አንድም ሰው ያልተቀየመኝ።»

ሽማግሌው ግን መሳቃቸውን አቆሙ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እንደሚያዳምጥ ሰው ሆኑ። «እስቲ ተናገር» አሉ። «እስቲ ሌላ ነገር ተናገር። እንደ እናቴ ነው የምትናገረው። እዚህ እንደዚያ የሚናገር ሰው ካለቀ ስንት ዘመኑ፤ ልጆቹ ሁሉ እንደ ቴሌቪዥን ነው የሚያወሩት። ማነው ያስተማረህ?»

«አለቃዬ የነበረ ሰው። ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ዶናል ሃርኔት ይባላል፤ የዚህ መንደር ሰው ነው።»

የሽማግሌው እጅ የውሻው ጀርባ ላይ ቆመ። ከዚያ «እኔ ሾን ሃርኔት ነኝ» አሉ። «ታላቅ ወንድሙ ነኝ።»

ጋሽ ኣሕፈሮም ዶናል ወንድም እንዳለው ሰምተው አያውቁም።

*

የሾን ቤት ከግንቡ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ባሕሩን የሚያይ ትንሽ መስኮት አለ። ዓይናዲስም አብራ ገባች፤ እርጥብ ካልሲዋን ምድጃው ላይ ዘርግታ፣ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ነርስ ናት፤ መቼ ዝም እንደሚባል ታውቃለች።

ሾን ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የወንድማቸውን ሞት የሰሙት ከሁለት ወር በኋላ፣ ከለንደን ለእረፍት ከመጣ ሰው ነበር። ከዚያ በቀር የሚያውቁት ነገር የለም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው «ሲሞት ሰው አጠገቡ ነበረ?» ብለው ጠየቁ።

«እኔና ባለቤቴ ነበርን። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። እግሬን በረደኝ ስላለ ባለቤቴ እግሩን በእጇ ይዛለት ነበር።»

«ምን አለ?»

ጋሽ ኣሕፈሮም ያማረ ነገር ቢናገሩ በወደዱ። «የሱቁን መዝጊያ ቆልፈሃል ወይ? አለኝ። ቆልፌያለሁ አልኩት። ከዚያ ሌላ ነገር አልተናገረም።»

ሾን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ነው» አሉ። «ልክ እሱ ነው።»

ከዚያ የራሳቸውን ተናገሩ። አባታቸው ሲሞቱ አንዲት የዓሣ ጀልባ ትተው ነበር። ዶናል እንሽጣትና ሁለታችንም ለንደን እንሂድ አለ። ሾን እምቢ አሉ። ተጣሉ፤ ክፉ ተነጋገሩ።

«ከሄድክ እንዳትመለስ አልኩት። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቃሌን ይጥሳል ብዬ ነው እኮ፤ ከተወለደ ጀምሮ አንድም ቀን ታዞኝ አያውቅም። በዚያች ብቻ ታዘዘኝ።» አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ስለ እኔ ይናገር ነበር?»

ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ ጋሽ ኣሕፈሮም ገና ከመንገዱ ላይ ያውቁት ነበር። አዎ ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? ግን የዶናል ወንድም ፊት፣ በዶናል አፍ፣ ውሸት መናገር አልሆነላቸውም።

«ስምዎን ጠርቶ አያውቅም» አሉ። «ወንድም እንዳለውም ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ሾን ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ግን አንድ ነገር አለ» ቀጠሉ ጋሽ ኣሕፈሮም፤ ሲናገሩት ነው ለራሳቸውም የገባቸው። «ስለ ጀልባዋ በየቀኑ ያወራ ነበር። ዓሣ ልናጠምድ ስንወጣ ይላል። ማዕበሉ ሲመጣ እንዲህ አደረግን ይላል። መረቡ ሲቀደድ እንዲህ አልን ይላል። አንድም ቀን ወጣሁ፣ አደረግሁ ብሎ አያውቅም። እኔም ቋንቋውን ገና ስማር ስለነበር፣ እንዲህ ነው የሚባለው ብዬ ተቀበልኩት። እኛ ሲል ማንና ማን እንደሆኑ ጠይቄው አላውቅም።»

ሾን ከመስኮቱ ወደ እነሱ ዞሩ።

«እኔና እሱ ነን» አሉ። «ያቺ ጀልባ ላይ ሌላ ሰው ወጥቶባት አያውቅም።»

ዓይናዲስ ፊቷን አዞረች። ጋሽ ኣሕፈሮም እጃቸውን ዘርግተው የሽማግሌውን ክንድ ያዙ፤ በአሥመራ ወግ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው። ከዚያ ያወቁትን ሁሉ ተናገሩ። ዶናል ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚናደድ፣ ደንበኛ እንዴት እንደሚያባርር፣ የኣብሪሃትን ወጥ በልቶ እንዴት እንዳለቀሰና «ግራንድ ነው፣ ደህና ነው» እያለ እንዴት እንደደገመ። ሾን አንዳንዱን ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገሙ፤ ለታሪኩ ሳይሆን ለአነጋገሩ ይመስላል።

ጊዲዮን ባይደውል ማታ ድረስ በተቀመጡ ነበር።

«ጋሼ፣ የት ናችሁ? ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። ዘመድ ቤት ነን» አሉ ጋሽ ኣሕፈሮም።

ካቴናውን በመለዋወጫ ችንካር ገጠሙት። ሾን በር ላይ ቆመው ሲያዩ ዓይናዲስ በአንድ ማርሽ ተነሣች። ለማደሪያቸው አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይቀራል። ዳገቱን ወርዳ እየገፋች፣ ሜዳውን እየነዳች ሄደች፤ ጋሽ ኣሕፈሮምም በሰው እርምጃ ፍጥነት ተከተሏት። አንድም ጊዜ ማርሹን ቀይሪ አላሏትም። ከኋላቸው የተሰለፉት መኪናዎች ብዙ ታገሡ፤ አንድ ትራክተር ብቻ ጡሩምባ ነፋ። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲደርሱ ስምንቱም መንገድ ላይ ወጥተው ይጠብቋት ነበር፤ ሃይሚ ሮጣ አቀፈቻት። በስድስተኛው፣ በመጨረሻው የብስክሌት ቀንም፣ ዓይናዲስ ከስምንቱ ጋር ጨረሰች።

*

ጋሽ ኣሕፈሮም ከአይርላንድ በተመለሱ በሦስተኛው ወር ሾን ሃርኔት በሴት ልጃቸው ተደግፈው ለንደን መጡ። ከመንደራቸው ወጥተው ለንደንን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ጋሽ ኣሕፈሮምና ወይዘሮ ኣብሪሃት ኤርፖርት ተቀብለው በቀጥታ ኬንሳል ግሪን ወዳለው መቃብር ወሰዷቸው።

ሾን ድንጋዩ ፊት ቆመው ጽሑፉን በጣታቸው ተከተሉ። የዶናል ስም አለ፤ ዓመተ ምሕረቱ አለ፤ ከሥሩ «የካሪግዱን ሰው» ይላል።

«የመንደሩ ስም አጻጻፉ ተሳስቷል» አሉ። «አንድ ፊደል ጎድሏል።»

ጋሽ ኣሕፈሮም ደነገጡ። «ያኔ ስሙን በጆሮዬ ብቻ ነበር የማውቀው። እሱ ጽፎልኝ አያውቅም። አስተካክላለሁ፤ ሰኞ ጠራቢው ጋ እሄዳለሁ።»

«ተወው» አሉ ሾን። «እሱም አስተካክሎ ጽፎት አያውቅም። መምህሩ ስንት ጊዜ ገርፎታል መሰለህ።»

ጸለዩ። ከዚያ ሾን ደክሟቸው ስለነበር በታክሲ ኬንቲሽ ታውን ሄዱ። ወይዘሮ ኣብሪሃት በርበሬውን ቀነስ አድርገው ዶሮ ሠርተው ነበር፤ ሾን በማንኪያ በሉና ተጨማሪ ጠየቁ። ልጃቸው ሰዓቷን ደጋግማ ብታይም አልተነሡም። ኣብሪሃት የዶናልን ፎቶግራፎች ከካርቶን አውጥተው ሰጧቸው፤ ሾን አንዱን ብቻ መርጠው፣ ዶናል ሽርጥ ለብሶ የሚስቅበትን፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ኣሕፈሮምና ሾን እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ይደዋወላሉ። ኣብሪሃት ቴሌቪዥኑን ዝቅ ያደርጋሉ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ነፋሱና ስለ ውሻው ጤንነት ነው።